ያረጀው ፈረሴ ትንፋሽ እያጠረው ተቸግሬያለሁ

እባካችሁ፣ ፈረስ ያስታመማችሁ ሰዎች እርዱኝ። ፈረሴ 22 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ድርቆሽ ሲበላ አንድ ሁለቴ ብቻ ያስለው ስለነበር አላሳሰበኝም፤ ያኔ ንቄ መተዌ እስካሁን ይቆጨኛል። አሁን ቆሞ እያለ እንኳ የአፍንጫው ቀዳዳ ይነፋል። አየር ሲያስወጣ ሆዱን ሁለቴ ይጨምቃል፤ ከጎድኑ በታችም እንደ ቦይ ያለ መስመር ወጥቶበታል። ትናንት ማታ በባትሪ ብርሃን ሽንጡን እያየሁ ስቆጥር በደቂቃ 28 ጊዜ ተነፈሰ። ጤነኛ ፈረስ አርፎ ሲቆም የሚተነፍሰው ከ8 እስከ 16 ጊዜ ነው። ትኩሳት የለውም፣ ይበላልም።

ሐኪሙ የፈረስ አስም ነው፣ በእንክብካቤ ይቀላል እንጂ ፈጽሞ አይድንም አለኝ። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ሲወጋ ቀለል ብሎት ነበር፤ ሲቆም ግን ተመለሰበት። ከዚህ በፊት የሰኮና ብግነት ስለያዘው መድኃኒቱን ማስረዘም ያሰጋል ተብያለሁ።

ድርቆሹን ውኃ ነክሬ መስጠት ጀምሬያለሁ፣ ጉዝጓዙንም ቀይሬያለሁ። ችግሩ፣ ጎረቤቶቹ ፈረሶች የሚበሉት ደረቁን ነው፤ ድርቆሹም የሚከመረው ከጋጣው በላይ ስለሆነ ሲወርድ አቧራው በሙሉ እሱ ላይ ነው።

ታዲያ ጭራሽ ውጭ ቢያድር ይሻለዋል? በዚህ ዕድሜው ብርዱና ዝናቡ ያስፈራኛል። ድርቆሹስ ምን ያህል ጊዜ ይነከር? በጭምብል የሚሳበውን መድኃኒት የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ፊቱን መነካት የማይወድ ፈረስ እንዴት አድርጋችሁ አለመዳችሁት?