ልደት ለነፍሳችሁ ምን ትርጉም አለው?

ጥያቄ፤ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ
የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ጾሜ፣ ታኅሣሥ 19 ቀንም ቁልቢ ገብርኤልን በእግሬ ሄጄ ተሳልሜ ተመልሻለሁ፤ ሆኖም በልደት ሌሊት ቅዳሴ እየተቀደሰ ልቤ ወደ ዶሮ ወጡና ወደሚመጡት እንግዶች ይሸሻል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ባዶነቱ በርትቶብኛል። ለእናንተ በዓሉ በግል ሕይወታችሁ ምን ትርጉም አለው?

መልስ፤ ከሐረር
እኅቴ ሆይ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማርልን። ሉቃስ በምዕራፍ 2 እንደጻፈው፣ እመቤታችን ልጇን በግርግም ያስተኛችው በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ስላልነበራቸው ነው። እኔ ጌታ በተሰናዳ ልብ ብቻ ያድራል ብዬ ለብዙ ዓመታት ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ያንን በረት፣ ማለትም ለንጉሥ ማንም ያላዘጋጀውን ስፍራ፣ ማሰብ ከጀመርኩ በኋላ ግን የተበታተነውን ልቤን እንደያዝኩ በፊቱ መቆም ቻልኩ።

መልስ፤ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ
ልጄ፣ ወንድማችን የተናገረው መልካም ነው፤ እኔ ግን ወደ እንግዶቹ ማሰብሽን እንደ ጥፋት ባትቆጥሪው እመርጣለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት «እንኳን አደረሰሽ» እያለ ደጅሽን ሲረግጥ፣ መላእክት ለእረኞች ያበሠሩት ሰላም ከዚያ የራቀ አይመስለኝም። እናትሽ በዚያ ቀን ለማን ድርሻ ታስቀምጥ ነበር?

የጠያቂዋ ምላሽ
የሳቢያኗ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደቻቱ ለሚኖሩ አንዲት አቅመ ደካማ እናት ነበር፤ ወላጅ እናቴ ካረፈች ወዲህ ማንም አልወሰደላቸውም። ዘንድሮ ከቅዳሴ እንደወጣሁ አስቀድሜ ወደ እርሳቸው እሄዳለሁ።