የበሬ ሥጋ ኢምፓናዳ ሲጠበስ ስንት ዘይት ይጠጣል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የበሬ ሥጋ ኢምፓናዳ (ሳምቡሳ የሚመስል፣ በሊጥ የተጠቀለለ ምግብ) አሠራር ያስተማረችኝ አርጀንቲናዊት ጎረቤቴ ናት። ቤተሰቡ በጣም ወዶታል። ችግሩ ባለቤቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን የሚወጋው የሚበላውን ካርቦሃይድሬት ቆጥሮ ነው። የሱቁ እሽግ ላይ ሁሉም ተጽፏል፤ የቤቱን ግን ራሴ ማስላት አለብኝ።

ሊጡ አላስቸገረኝም። ከ500 ግራም የስንዴ ዱቄት 20 ኢምፓናዳ ይወጣል። 100 ግራም ዱቄት 76 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ስላለው ለአንዱ 19 ግራም ይደርሰዋል። ሽንኩርቱ ትንሽ ይጨምርበታል። ሥጋው፣ የተቀቀለው እንቁላልና ወይራው እዚህ ላይ ብዙም አይቆጠሩም (ወይራው ግን ጨው አለው፤ ቀንሼዋለሁ)።

የተያዝኩት ስቡ ላይ ነው። የምገዛው የተፈጨ ሥጋ 20 በመቶ ስብ አለው። ሳበስለው ስቡ ቀልጦ ድስቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ አጠልለዋለሁ። ታዲያ የጥሬውን ስብ ልቁጠር ወይስ የቀረውን? ዘይቱስ? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ኢምፓናዳውን ከመጥበሴ በፊትና በኋላ እንዳልመዝን፣ ውሃው ስለሚተን ያሳስተኛል። የተረፈውን ዘይት ብመዝን ያስኬዳል?

ጭንቀቴ ካሎሪው ብቻ አይደለም። ስብ ምግቡ ከሆድ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ባለቤቴ የተጠበሰውን ማታ ሲበላ፣ መጀመሪያ ደህና የነበረው የደም ስኳሩ ሌሊት ላይ ከፍ ይላል። በኦቭን የጋገርኩት እንዲህ አያደርገውም። የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር እንነጋገራለን። ከእናንተ የምፈልገው ስሌቱን ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች፣ ሳምቡሳ ለገበያ የምታዘጋጁም፣ የሚጠጣውን ዘይት እንዴት ነው የምታሰሉት? እባካችሁ ንገሩኝ።