ጎጃም ውስጥ ደህና የታሸገ ጠጅ የት ይገኛል?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ጥሩ የታሸገ ጠጅ ፈልጌ አጣሁ፤ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

ጠጅ ቤት ሂድ እንዳትሉኝ። የጠጅ ቤቱን በብርሌ ስጠጣው በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ መንገድ አይችልም። መፍላቱን ስለማያቆም ጀሪካኑን ይነፋዋል፤ ክዳኑን ላላ ካላደረጉለት ይገነፍላል። እኔ የምፈልገው ታላቅ እህቴ ወደ ውጭ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ የምትከተው፣ በፋብሪካ የታሸገ፣ የተመረተበት ቀንና ምን እንደገባበት የተጻፈበት ጠርሙስ ነው።

ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ሞክሬ ነበር። ቀለሙ ያምራል። ስቀምሰው ግን ጣፋጭ ብቻ! የጌሾው ምሬት የለም፣ የማሩ ሽታም የለም። ምላስ ላይ የሚቀረው ስኳር ስኳር የሚል ነገር ነው። ጠርሙሱ ላይ ምን እንደገባበት አልተጻፈም። በጥቅምትና በኅዳር ከአደይ አበባና ከኑግ የተቀሰመ ቢጫ ማር በሚቆረጥበት አገር ስኳር መጠጣታችን ያሳዝነኛል።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ፣ ፍኖተ ሰላምም ይሁን እንጅባራ፣ በንጹሕ ማር ጠምቆ የሚያሽግ ታውቃላችሁ? ብዙ የማይጣፍጥ፣ ጌሾው የሚሰማ ቢሆን እመርጣለሁ። ከታሸገ በኋላስ ያለ ፍሪጅ ምን ያህል ይቆያል? ጣና ዳር ያሉ ሆቴሎች ጠጃቸውን ከየት እንደሚያመጡ የምታውቁም ካላችሁ ንገሩኝ። ዋጋው ወደድ ቢልም ግድ የለም፤ ማሩ እውነተኛ ይሁን እንጂ። እህቴ የምትሄደው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ያላችሁኝ ቦታ ድረስ ሄጄ እገዛለሁ።