«የታሸገ ሞተር አይዋሽም» ላለው ወንድማችን

ብራንደን ማዶ፦ ትናንት ማታ ስለ ስፕሪንት ካር፣ በአፈር ሜዳ ስለሚሮጠው ባለ ክንፍ መኪና፣ በድምፅ ስናወራ ኮሎምበስ ያለው ልጅ «ለጀማሪ መፍትሔው አንድ ነው፣ 305ቱን ሞተር ተዉትና ሁሉም 602 ክሬት፣ ከፋብሪካ የታሸገውን፣ ያስገባ፣ የታሸገ ሞተር አይዋሽም» ብሎ ዘግቶት ሄደ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ አልመለስኩለትም ግን እስካሁን እያንገበገበኝ ነው። እሁድ ማታ እዚህ ሁሴትስ ሜዳ የሚገባ ሰው ያውቃል፣ ባለ ትልቁ ሞተር ከሆኑት ከ410ሮቹ ጋር በአንድ ምሽት የሚሮጡት ሬስ ሴቨር የሚባሉት ባለ 305 መኪኖች ናቸው፣ የብረት ብሎክ፣ 305 ኪዩቢክ ኢንች፣ ቴስታታው ምልክት ያለበት የራሳቸው፣ መሞረድ የለ መፋቅ የለ። የቨርጂኒያው ፍሬንች ግራይምስ ያመጣው ነገር ነው፣ ውድድር የሚያዘጋጀው አይ ኤም ሲ ኤ ደግሞ ተቀብሎት ዛሬ ስንት ስቴት ላይ ይሮጣል፣ በሌበር ዴይ ሳምንት ነብራስካ ኢግል ሄዳችሁ እዩት ሰልፉን። ይሄንን አፍርሰህ የፋብሪካ ካርቶን ልትከፍትልን ነው?

ኮሎምበስ 614፦ ማንም ምንም አላፈረሰም፣ ሒሳብ ነው ያልኩት። 410 ሞተር ጥሩው ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ 900 ፈረስ ጉልበት ምናምን፣ እሱ ወርልድ ኦፍ አውትሎውስ የሚባለው የትልልቆቹ ውድድር ሰዎች ጉዳይ ነው እንተወው። 305 ግን «ርካሽ» እያላችሁ ሰው ታስገቡና ከፊት የሚጨርስ ሞተር ስትጠይቅ ቢልደሩ፣ ሞተር ሠሪው፣ 15 ሺህ እና ከዚያ በላይ ይልሃል። 602 ከጂ ኤም ታሽጎ ይመጣል፣ 350 ፈረስ አካባቢ፣ ዋጋው የዚያን ግማሽ አይሞላም። እኔ ፎቅ የሚያህል ትሬለር የለኝም፣ ልጄ 17 ሊሞላው ነው፣ መንዳት ይፈልጋል። ይኸው ነው።

ሎንግ ሆል፦ አይዋሽም ከተባለማ ፍርድ ቤት ምስክር አድርጋችሁ ውሰዱት 😂

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ እኔም እዚያች «አይዋሽም» ላይ ነው የቆምኩት። ወንድሜ ሞተሩ የሚታሸግበት ቡሎን ራሱ ተዋሽቷል እኮ። ሌት ሞዴል በሚባሉት መኪኖች የክሬት ውድድር አስመስለው የሠሩት ቡሎን ስንቴ ተይዟል? ለዚህ አይደል እንዴ አዘጋጆቹ ከጂ ኤም ቡሎን በላይ የራሳቸውን ማሸጊያ የጨመሩት? ሞተሩ ምን በወጣው፣ አፍ የለው።

ኮሎምበስ 614፦ አጭበርባሪ 305 ላይ የለም ልትለኝ ነው?

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ አለ። ግን 305ን መፈተሽ ይቻላል። ካንዴላ ትፈታለህ፣ በቀዳዳው ፒ ኤንድ ጂ የሚባለውን መለኪያ ታስገባለህ፣ ቴስታታ ሳታወርድ ኪዩቢክ ኢንቹን ይነግርሃል። ኮምፕሬሽኑን ዊስለር በሚባለው መለኪያ ታያለህ። ቴስታታው ላይ ምልክቱን ታያለህ። እጅህን አስገብተህ ማየት ትችላለህ ነው የምልህ። የታሸገው ላይ የምትፈትሸው ሞተሩን አይደለም ማሸጊያውን ነው፣ ከጠረጠርክ ደግሞ ማሸጊያውን ሰብረህ፣ ከፍተህ፣ ፈቃድ ያለው ሰው ጋ ልከህ መልሰህ ማሳሸግ ነው፣ ያንን ማን ይከፍላል? ባለ ሜዳው? አንተ?

ሁለተኛው ውሸት ደግሞ ሕጋዊ ነው። ብር ያለው ሰው አንድ 602 አይገዛም፣ አምስት ስድስት ይገዛል፣ ሁሉንም ዳይኖ፣ የፈረስ ጉልበት መለኪያው፣ ላይ ያስራል፣ ጥሩ የወጣችውን ይይዝና የቀሩትን «አዲስ ነው ያልተነካ» ብሎ ላንተ ይሸጥልሃል። ማሸጊያው ያልተነካ፣ ወረቀቱ ያልተነካ። አንተ ደግሞ ስትሸነፍ «ሹፌሩ ጎበዝ ነው» ትላለህ።

ሎንግ ሆል፦ ውይ ይሄ ገደለኝ

ኮሎምበስ 614፦ በአምስት ሞተር መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ጥቂት ፈረስ። ጎበዝ ቢልደርና ሰነፍ ቢልደር በሠሩት 305 መካከል ያለውስ? እሱን መልስልኝ።

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ እመልስልሃለሁ፣ የበለጠ ነው። እሺ? ግን እኔ 305 አይዋሽም አላልኩም፣ አንተ ነህ ያልከው።

የአቢ እናት፦ ይቅርታ ልግባና፣ ሁላችሁም ሞተር ሞተር ትላላችሁ፣ ሂሳቡ ግን እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። ልጄ ከማይክሮ ስፕሪንት፣ ማለቴ ከ600 ሲሲ የሞተር ሳይክል ሞተር ነው ወደ 305 ያደገው። አባቱም እንደናንተው ሞተሩን ተደራድሮ ገዛና «አለቀ» አለኝ። ምኑ ነው ያለቀው? የቀኝ የኋላ ጎማ ወደ 300 ዶላር ነው፣ በ2022 ደግሞ በብርም ጠፍቶ ለጎማ ስንለማመጥ ከርመናል። የደህንነት ቀበቶው ቢበጠስም ባይበጠስም በሁለት ዓመት ጊዜው ያልፍበታል፣ ይጣላል። ነዳጁ ሜታኖል አለ፣ ዘይት በየሳምንቱ አለ፣ ክንፍ ይጣመማል፣ የፊት አክስል ይጣመማል፣ አንዴ ሲገለበጥ ብዙ ነገር አብሮ ይሄዳል፣ ትሬለሩን የሚጎትተው ፒክ አፕ ዲዝል ይጠጣል። የሚያሸንፈው ልጅ የሚያገኘው ብር ደግሞ ለዚያች ምሽት ጎማና ነዳጅ እንኳ አይበቃም። እና የታሸገም በሉት ያልታሸገ፣ እኔ ማሸግ የምፈልገው ሌላውን ነው።

ብራንደን ማዶ፦ እህቴ አፍሽ ቁርጥ ይበልልኝ። ይኸው ነው የኔም ነገር። ሞተሩን አሽገህ ጎማውን ከለቀቅከው ምኑን አረከስከው?

ኮሎምበስ 614፦ እሷ እኮ አንተን አልደገፈችም 😅 ያወራችው ስለ 305 ወጪ ነው!

የአቢ እናት፦ እኔ ማንንም አልደገፍኩም።

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ እሷ ያለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የፈረስ ጉልበት ስትቀንስ ስህተት ውድ ይሆናል። 410 ላይ ኮርነር ውስጥ ብትንሸራተት ቀጥታው ላይ ረግጠህ ትመልሳታለህ። 350 ፈረስ ላይ ፍጥነቷ አንዴ ከወረደ ወረደ ነው፣ ስለዚህ ጨዋታው በሙሉ ኮርነር ውስጥ ይዘህ መውጣት ላይ ይሆናል፣ ያ ደግሞ ሾክ ነው፣ ክብደት ነው። እና ሞተሩ ላይ እንዳያወጣ የከለከልከው ሰውዬ ዞሮ ውድ ሾክና ቲታኒየም ቡሎን ያሥራል። ብሩ የትም አልሄደም፣ ከኮፈኑ ስር ወጥቶ ከሻንሲው ስር ገባ። ሕግ ካወጣህ ሾኩንም ጎማውንም ዝቅተኛ ክብደቱንም አብረህ ነው የምታወጣው፣ ሞተር ብቻውን ከለጠፍክ ፖስተር ነው።

ቦሌ ሚካኤል፦ ከአዲስ አበባ እየተከታተልኩ ነው፣ አንድ ጥያቄ፣ ይሄ መኪና ተገፍቶ ነው ሚነሳው የሚሉት እውነት ነው? ቪዲዮ ላይ ከኋላ ፒክ አፕ ሲገፋው አየሁ። 60 ሺህ ዶላር ሞተር ገዝታችሁ እንደ ላዳ ነው ምታስነሱት?

ሎንግ ሆል፦ አዎ ጀለስ፣ ማስነሻ የለውም፣ ክላች የለውም፣ ማርሽ ሳጥንም የለውም። ክብደት ነው።

ቦሌ ሚካኤል፦ ሼም ነው 😂😂

ጋሽ ዳኮታ፦ ልጆች እኔ ከናንተ ቀድሜ ነው እዚህ አገር የመጣሁት፣ ይሄን ክርክር ሞዲፋይድ በሚባለው በሌላው የመኪና ክፍል ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አይ ኤም ሲ ኤ ሞዲፋይድን በ1979 ሲጀምር መላው ቀላል ነበር፣ ክሌይም። ውድድሩ ሲያልቅ ከኋላህ የጨረሰ ሰው በሕጉ የተቆረጠውን ጥቂት መቶ ዶላር ከፍሎ ሞተርህን አውርዶ ይወስዳል። እምቢ ብትል ውጤትህ ይሰረዛል። አሁን ማን ነው በዚያ ዋጋ የሚወሰድበት ሞተር ውስጥ አሥር ሺህ የሚቀብረው? ማሸጊያም አያስፈልግ መርማሪም አያስፈልግ፣ ስስቱ ራሱ ያስጠነቅቀዋል።

ኮሎምበስ 614፦ ጋሽዬ ያሉት ደስ ይላል፣ ግን ስፕሪንት ካር ላይ ዋጋውን ስንት ያደርጉታል? ሁለት ሺህ ካሉ 305ቱ በሙሉ በአንድ ምሽት ይዘረፋል። አሥር ሺህ ካሉ ደግሞ በኪሱ አሥር ሺህ ይዞ እሁድ ማታ የሚመጣው ያው ሀብታሙ ነው፣ እሱ የድሃውን ይወስዳል።

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ ደግሞ ጋሽዬ በአክብሮት፣ ሰው የሰውን ሞተር አይወስድም። ከወሰድክ በሚቀጥለው ሳምንት ክንፍህ ሲሰበር ማን ያበድርሃል? ፒት ውስጥ ሰው በሰው ነው ሚኖረው። ሕጉ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው፣ አፈጻጸሙ ቡጢ ነው።

ጋሽ ዳኮታ፦ ቡጢውንም አይቼዋለሁ። ቢሆንም ሠርቷል፣ ሞዲፋይድ ሞልቶ ነበር።

ሎንግ ሆል፦ እኔ ሚገባኝ አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ስፖርት የሀብታም ልጅ ነው፣ ሕግ አወጣህ አላወጣህ። አርፈን ቲኬት እንግዛ።

ብራንደን ማዶ፦ ሹፌሩ ዶኒ ሻትዝስ? 11 ጊዜ የኖክስቪልን ትልቁን ውድድር የበላው ሰው እዚሁ ከኛ በላይ ከኖርዝ ዳኮታ ነው የወጣው፣ ቤተሰቡ ማይኖት ላይ ትራክ ስቶፕ ነበራቸው። አንተው ቡና የምትጠጣበት ዓይነት ትራክ ስቶፕ።

ሎንግ ሆል፦ ሃሃ ወንድሜ «ነበራቸው» አልክ እኮ! ትራክ ስቶፕ ያለው ሰው ነው ድሃ ያልከኝ? እኔ ስንት ዓመት ነው ዲዝል የሞላሁት፣ የሞላልኝ ሰውዬ ልጅ ነው የሚነዳው ማለት ነው።

ብራንደን ማዶ፦ ድሃ ነው አላልኩም፣ ሠራተኛ ቤተሰብ ነው አልኩ።

ሎንግ ሆል፦ አላልክም፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የአቢ እናት፦ ሹፌሩ ካይል ላርሰንስ? ከአውትሎው ካርት፣ ከትንሿ መኪና፣ ነው የተነሳው፣ ዛሬ ሃይ ሊሚት የሚባለውን የስፕሪንት ካር ውድድር ከብራድ ስዊት ጋር አቋቁሟል። ልጄ ግድግዳው ላይ እሱ ነው ያለው። ለሁሉም ሰው አይሆንም ብላችሁ አትዝጉበት።

ኮሎምበስ 614፦ እስቲ ወደ ጉዳዩ። ሜካኒኩ፣ ፔንስልቬንያ ስላለህ ስለ ባለ 358 ኪዩቢክ ኢንቹ ክፍል ንገረኝ። ለ410 አቅም ለሌለው ተብሎ አይደል የመጣው? ዛሬ ሊንከን ሜዳ ላይ 358 ይዞ የሚሰለፍ ሰው ርካሽ ነው ይልሃል? 360ስ? ኤሜት ሃን በ1992 የ360ዎቹን ማኅበር ኤ ኤስ ሲ ኤስን ሲጀምር ሐሳቡ ወጪ መቀነስ አልነበረም? ቢልደር የነካው ክፍል ሁሉ ውድ ይሆናል፣ 305ም ቀኑን ነው እየጠበቀ ያለው። ይሄን ሰንሰለት የሚበጥሰው ቢልደር የማይነካው ሞተር ነው።

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ ይሄ ጥሩ ክርክር ነው፣ ከመጀመሪያው ይሄን ማለት ነበረብህ «አይዋሽም» ከምትል። ግን እኮ የዋጋው ቁልፍ ከቢልደር እጅ ወጥቶ ጂ ኤም እጅ ነው የሚገባው። ጂ ኤም ዋጋ ሲጨምር ማንን ትጨቃጨቃለህ? ከኮቪድ በኋላ ክሬት ሞተር ጠፍቶ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ አላየህም? ከዚያ በፊትም የውድድር አዘጋጁ የዩሳክ ፎርድ ፎከስ ሚጄት፣ ትንሿ መኪና፣ ነበር፣ የታሸገ ፎርድ፣ ለልጆች ለጀማሪዎች ተብሎ፣ በጣም ደስ የሚል ነገር ነበር። ዛሬ የት ነው? ፋብሪካው ፊቱን ሲያዞር የታሸገው ሞተርህ ብረት ነው። 305 ሲሆን አሮጌ ብሎክ ፈልገህ ትሠራለህ፣ ሼቪ ብሎክ አይጠፋም።

ኮሎምበስ 614፦ ኦንታሪዮ ኦስዊከን ሜዳ ላይ ክሬት ስፕሪንት ለዓመታት ሮጧል እኮ፣ በ602! ቶሮንቶ ያሉት ልጆች ይመስክሩ። ሰው ሳይሞት ሮጧል።

ብራንደን ማዶ፦ አንድ ሜዳ!

ኮሎምበስ 614፦ የናንተስ 305 አንድ ነው? እዚህ ኦሃዮ አቲካና ፍሪሞንት ሜዳ ያለው 305 ሕጉ ከሬስ ሴቨር ጋር አንድ አይደለም። ከሱፎልስ ጭነህ ኦሃዮ ብትመጣ ምን ታደርጋለህ? 305 ነው ብለህ ትሰለፋለህ፣ በቀጥታው ላይ ጥለውህ ሲሄዱ ታያለህ። 602 ግን እዚህም እዚያም 602 ነው።

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

ብራንደን ማዶ፦ እንዴ አንተ የማን ነህ?

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ የማንም። የ305 ጥቅሙ ሌላ ነው፣ ያው ሻንሲ ያው ክንፍ ስለሆነ ልጁ ሲያድግ ሞተሩን ነው የሚቀይረው። እሱን ማንም አላነሳም።

ጋሽ ዳኮታ፦ እኔ ላነሳው ነበር።

ኮሎምበስ 614፦ ለመሆኑ ብራንደን፣ ባለፈው ሳምንት የለጠፍከው 305 ሞተር ተሸጠ?

ሎንግ ሆል፦ ኦኦኦኦ

ብራንደን ማዶ፦ እሱ የኔ አይደለም የጓደኛዬ ነው።

ሎንግ ሆል፦ ሌሊቱን ያንገበገበህ ለካ የጓደኛህ ሞተር ነው 😂 ሁሉም ወደ 602 ከሄደ ማን ይገዛዋል!

ብራንደን ማዶ፦ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የጻፍኩት ላይ መልስ ካለህ መልስ።

የአቢ እናት፦ ስንት ነው የሚለው?

ብራንደን ማዶ፦ 12 ሺህ፣ ከነማግኒቶው፣ ከነእሳት ሰጪው። ከታደሰ በኋላ ብዙ አልሮጠም።

ኮሎምበስ 614፦ «ብዙ» ስንት ነው? የዳይኖ ወረቀት አለው?

ሜካኒክ ዘ ጉለሌ፦ አንተ ደግሞ ምን አገባህ፣ 602 አይደል የምትፈልገው?

ኮሎምበስ 614፦ መጠየቅ አይቻልም?

የአቢ እናት፦ የቴስታታውን ምልክት ፎቶ አንስተህ በውስጥ ላክልኝ። ማግኒቶ አለን፣ ያለ ማግኒቶ ስንት ይላል?