ለቀጠሮ መያዣ ዌብ አፕሊኬሽን አውቶሜትድ ቴስት ከየት ይጀመር?

የኮድ_ሸማኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ለክሊኒኮች የሚሆን የቀጠሮ መያዣ ዌብ አፕሊኬሽን እየሠራን ነው፤ ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ፍሮንትኤንዱ (ተጠቃሚው የሚያየው ክፍል) ሪአክት፣ ባክኤንዱ (ሰርቨሩ ላይ የሚሠራው ክፍል) ጃንጎ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ። ገጹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ ቀን የሚያሳየው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ መግቢያው በኤስኤምኤስ በሚላክ ኮድ፣ ክፍያው በቴሌብር። እስካሁን ከእያንዳንዱ ሪሊዝ (አዲስ ቨርዥን ከመልቀቅ) በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ገጽ በእጁ ይፈትሻል።

ይህን ፍተሻ ፕሮግራም በራሱ እንዲሠራልን እንፈልጋለን። ጥያቄዎቼ፦ ብራውዘርን በራሱ እየነካካ ለሚፈትሽ መሣሪያ ሴሌኒየም፣ ሳይፕረስ ወይስ ፕሌይራይት? ስንት ቴስት ይበቃል? የኢትዮጵያን ቀንና የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ነው የምንፈትሸው? ኢንተርኔታችን ደካማ መሆኑንም አስቡልን።

ሰፊው_መረብ

አዲስ ፕሮጀክት ከሆነ ፕሌይራይት ያዙ። ሴሌኒየም ከ2004 ጀምሮ ያለ፣ ዛሬም ብዙ ቦታ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ግን መጠበቂያውን፣ ሪፖርቱን፣ ድጋሚ ሙከራውን ለየብቻ መገጣጠም የእናንተ ሥራ ይሆናል። ፕሌይራይት አንድ በተን ከመጫኑ በፊት በተኑ መታየቱን፣ መንቀሳቀስ ማቆሙን፣ በሌላ ነገር አለመሸፈኑን ራሱ ያጣራል። ጃንጎ ስላላችሁ በፓይተን ልጻፈው ትሉ ይሆናል፤ ይቻላል፣ ግን የራሱ የፕሌይራይት ማስኬጃ ያለው በታይፕስክሪፕት በኩል ነው። ፍሮንትኤንዳችሁ ሪአክት ስለሆነ እሱን ምረጡ።

አጫጫኑ፦ «ኤንፒኤም ኢኒት ፕሌይራይት» ብላችሁ ስታስኬዱ ብራውዘሮችን ላውርድ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እምቢ በሉ። ሦስቱንም ብራውዘር ማውረድ በደካማ መስመር ብዙ ያስጠብቃል። ቀጥሎ ክሮሚየምን ብቻ ለይታችሁ ጫኑ፤ ፋየርፎክስና ዌብኪት ኋላ ይደርሳሉ። እያንዳንዱ የፕሌይራይት ቨርዥን የራሱን የብራውዘር ቨርዥን ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ በፓኬጅ ፋይሉ ላይ ቨርዥኑን ያለ ኮፍያ ምልክት (^) ቆልፉት። አለበለዚያ አንድ ሰው ፓኬጅ ባደሰ ቁጥር ማውረዱ እንደገና ይጀምራል። ዶከር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር «ኢሜጅ» በሚባል ጥቅል የሚያስኬድ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የኢሜጁ ቁጥርና የፓኬጁ ቁጥር አንድ መሆን አለባቸው። ከተለያዩ «ብራውዘሩ የለም» የሚል ስህተት ይመጣል፤ ሰው ብራውዘሩ ኢሜጁ ውስጥ እንዳለ ስለሚያውቅ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ከመጀመሪያው ቀን የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ቤዝ ዩአርኤል፤ ሎኬል የአማርኛ-ኢትዮጵያ፤ ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ አበባ፤ ሪትራይ (ድጋሚ ሙከራ) በሲአይ (ኮድ በተላከ ቁጥር ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬድ ማሽን) 2፣ በራሳችሁ ኮምፒውተር 0፤ ትሬስ (የቴስቱ አካሄድ ዝርዝር ቅጂ) «በመጀመሪያው ድጋሚ ሙከራ»፤ ፎርቢድ-ኦንሊ በሲአይ የበራ፣ አንዱ ሰው ለራሱ ብሎ «ኦንሊ» ያደረገበትን ቴስት ረስቶ ቢልክ ሌሎቹ ሁሉ ሳይሄዱ አረንጓዴ እንዳይበራ።

ሰርቨሮቹን ዌብ-ሰርቨር በሚለው ክፍል ፕሌይራይት ራሱ ያስነሳቸው፤ ጃንጎንም ፍሮንትኤንዱንም መዘርዘር ይቻላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍሮንትኤንዱን በዴቨሎፕመንት ሰርቨር ማስነሳቱ ነው። ያ ሰርቨር ፋይሎቹን ሲጠየቅ ነው የሚያዘጋጃቸው፣ ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ቴስት ይዘገይና ይወድቃል። ቢልድ አድርጋችሁ የተቢልደውን አስነሱ። የጃንጎው መጠበቂያ አድራሻ ደግሞ ዳታቤዙን አንድ ጊዜ ነክቶ የሚመልስ የጤና መፈተሻ ገጽ ይሁን፤ ዝም ብሎ 200 የሚመልስ ከሆነ ማይግሬሽን (የዳታቤዙ ቴብሎች ዝግጅት) ሳያልቅ ቴስቱ ይጀምራል።

የቴስት ብዛት፦ በብራውዘር የሚሄደውን ከ6 እስከ 10 ባለው ወስኑት። ቢበላሽ ክሊኒኩ በሩን የሚዘጋበትን ነገር ብቻ፦ መግባት፣ ቀጠሮ መያዝ፣ መሰረዝ፣ ቀን ማዛወር፣ መክፈል፣ ሐኪሙ የዕለቱን ዝርዝር ማየቱ። የተቀረውን ሁሉ ወደ ታች አውርዱት፦ የቀን ስሌት፣ የስልክ ቁጥር ማጣሪያ፣ የዋጋ ሒሳብ በዩኒት ቴስት (አንድን ፋንክሽን ለብቻው በሚፈትሽ)፣ ፈቃድና ሥልጣን በጃንጎ ኤፒአይ ቴስት (ያለ ብራውዘር ሰርቨሩን በቀጥታ በሚጠይቅ)።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ «ዌይት-ፎር-ታይምአውት» የሚለውን በጭራሽ አትጻፉ። ሁለት ሰከንድ ጠብቅ ማለት በፈጣን ማሽን ጊዜ ማባከን ነው፣ በዘገምተኛ ማሽን ደግሞ አይበቃም። የምትጠብቁት የሚታይ ነገር ይሁን፤ ለምሳሌ «ቀጠሮዎ ተይዟል» የሚለው ጽሑፍ እስኪታይ። ማረጋገጫው ራሱ እስከ 5 ሰከንድ ደጋግሞ ይሞክራል። «አዌይት» የሚለውን ቃል ማረጋገጫ ፊት መርሳትም ከባድ ነው፦ ማረጋገጫው ሳያልቅ ቴስቱ ያልቃል፣ የተበላሸ ነገር አልፎ ይሄዳል። ይህን በዓይን መጠበቅ አይቻልም፤ «ኖ ፍሎቲንግ ፕሮሚስስ» የሚለውን የሊንት (ኮዱ ሳይሄድ ስህተት የሚጠቁም መሣሪያ) ሕግ አብሩት።

ጳጉሜ6

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ስለ ቀኑና ስለ ፊደሉ ልጨምር፣ በእኛ አገር ሲስተሞች ላይ ስህተቱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ቀኑን በብራውዘር አትፈትሹ። መቀየሪያውን ለብቻው ፋንክሽን አድርጉና በዩኒት ቴስት ጠርዞቹን ያዙ። ቢያንስ እነዚህን አስገቡ፦ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ነው፤ በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ይሆናል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ጳጉሜ 5 ቀን 2016፣ በማግስቱ ሴፕቴምበር 11 መስከረም 1 ቀን 2017። ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ታኅሣሥ 28 ነው፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ግን ታኅሣሥ 29። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 የካቲት 21 ቀን 2016። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» በሚል ቋሚ የቀን ሠንጠረዥ የተጻፈ ኮድ እንደ 2016 ባለ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 አንድ ቀን ተሳስቶ ከዚያ በኋላ በራሱ ይስተካከላል። በሚያዝያ የሚፈትሽ ሰው በጭራሽ አያገኘውም። ጳጉሜ 6 የሚኖራት ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፦ 2011፣ 2015፣ 2019።

ከዚህ በተጨማሪ ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ለሁለተኛ ምስክርነት ተጠቀሙበት፦ ከ1990 እስከ 2030 ዓ.ም. ያለውን እያንዳንዱን ቀን የእናንተ ፋንክሽን ከሚሰጠው ጋር በሉፕ ያወዳድር። ወደ 15 ሺህ ቀን ቢሆንም በጣም አጭር ጊዜ ነው የሚፈጀው።

ሰዓቱ ላይ፦ 06:00 «ጠዋት 12 ሰዓት»፣ 07:00 «1 ሰዓት»፣ 00:00 «ሌሊት 6 ሰዓት» መሆናቸውን ፈትሹ። የሲአይ ማሽን ሰዓት ብዙውን ጊዜ ዩቲሲ ነው፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰርቨሩ «ዛሬ» ገና ትናንት ነው። ማታ ማታ የሚሄድ ቴስት በእነዚያ ሰዓታት ብቻ ከወደቀ ቴስቱን አትውቀሱ፤ ኮዱ ውስጥ ታይምዞን ያልተሰጠው ቀን አለ፣ እሱን ፈልጉ።

ፕሌይራይት ሰዓትን ማስመሰያ «ክሎክ» አለው፤ የሚቀይረው ግን የብራውዘሩን ሰዓት ብቻ ነው። ጃንጎ በእውነተኛው ሰዓት ይቀጥላል። ገጹ ጳጉሜ 6 ላይ ቆሞ ሰርቨሩ ኅዳር ላይ ከሆነ «ያለፈ ቀን መያዝ አይቻልም» የሚለው ማጣሪያ ትርጉም የለሽ ውጤት ይሰጣችኋል።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ፦ ታካሚዋ «ፀሐይ» ተብላ ትመዘገባለች፣ እንግዳ ተቀባዩ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። ሀ-ሐ-ኀ፣ ሰ-ሠ፣ አ-ዐ፣ ጸ-ፀ ወደ አንድ የሚመልስ ማስተካከያ ፍለጋው ውስጥ መኖሩን በኤፒአይ ቴስት አረጋግጡ፤ ኃይሌን በሀይሌ፣ ሥላሴን በስላሴ። ማስተካከያው ለፍለጋ ብቻ ይሁን። የሰውየው ስም እሱ እንደጻፈው ነው መቀመጥና መታተም ያለበት፣ ለዚህም የራሱ ቴስት ይኑረው።

ገጹ ላይ በላቲን ቁልፍ እየነኩ አማርኛ የሚያወጣ የራሳችሁ ኪቦርድ ካለ «ፊል» በሚለው ትእዛዝ አትፈትሹት። ፊል ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ የቁልፍ መነካት ስለሌለ ኪቦርዳችሁ አልተፈተሸም ማለት ነው። «ፕረስ-ሲኩዌንሻሊ» በሚለው የላቲኑን ፊደል አንድ በአንድ ላኩ። የግዕዙን ፊደል ራሱን በዚህ ብትልኩት ደግሞ የአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ስለሌለ የቁልፍ መነካት አይኖረውም።

የስክሪንሾት ማወዳደሪያ ከፈለጋችሁ የግዕዝ ፎንቱን፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ከአፕሊኬሽኑ ጋር አብራችሁ ጫኑት። የማሽኑን ፎንት ካመናችሁ አንዱ ማሽን ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ሌላው ላይ ወርዱ የተለየ ፊደል ታያላችሁ።

የኮድ_ሸማኔ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰባት ቴስት ጽፈናል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲሄድ ያልፋል፤ ሁሉም አብረው ሲሄዱ ግን «ሰዓቱ ተይዟል» እያለ ሁለት ሦስቱ ይወድቃሉ፣ የሚወድቁትም በየጊዜው ይለያያሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ወደ መግቢያ ገጽ ይመለሳሉ። ወርከር (ቴስቶችን ጎን ለጎን የሚያስኬድ ሂደት) 1 ስናደርገው የመጀመሪያው ችግር ይጠፋል፣ ሁለተኛው ግን አለ።

ዳታ_ጠባቂ

ሁለቱ የተለያየ መነሻ አላቸው።

የመጀመሪያው የጋራ ዳታ ነው። ሁሉም ቴስት አንድ ሐኪም ላይ፣ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚሻማው። ወርከር 1 ማድረግ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ሪትራይ ሲመጣ ያው ቴስት በመጀመሪያው ሙከራ የያዘውን ሰዓት ተይዞ ያገኘዋል። መፍትሔው እያንዳንዱ ቴስት ሲጀምር በኤፒአይ የራሱን ሐኪም፣ የራሱን ታካሚና የራሱን የሥራ ሰዓት መፍጠሩ ነው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ የማይደገም ቁጥር ይጨመርበት። በገጹ በኩል አትፍጠሩት፣ ያዘገያል። የስልክ ቁጥሩም እንዲሁ የማይደገም ይሁን፣ በ09 የሚጀምርም በ07 የሚጀምርም ይኑር። ሲያልቅ ማጽዳት ግዴታ አይደለም፤ ዳታቤዙን ከጠቅላላው ሩጫ በፊት አንዴ ከባዶ ብትገነቡት ይበቃል። ለየወርከሩ የተለየ ዳታቤዝ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ለሦስት ሰው ቡድንና ለሰባት ቴስት አያስፈልግም፣ ጃንጎውንም በየወርከሩ ማስነሳት ይጠይቃል።

ሁለተኛው፣ እንደምገምተው፣ አንዴ ገብታችሁ በ«ስቶሬጅ-ስቴት» (የመግቢያውን ሁኔታ በሚያስቀምጥ ፋይል) ያስቀመጣችሁትን ኩኪ ሁሉም ቴስት ይጋራዋል፤ ከቴስቶቹ አንዱ ደግሞ «ውጣ» የሚለውን በተን ይጫናል። ጃንጎ ሲያስወጣ ሴሽኑን ሰርቨሩ ላይ ነው የሚያጠፋው። ኩኪው ፋይሉ ውስጥ ቢኖርም ከዚያ በኋላ ዋጋ የለውም፣ ከመውጫው ቴስት ቀጥሎ የመጣ ሁሉ መግቢያ ገጽ ላይ ይወድቃል። የመውጫው ቴስት ስቶሬጅ-ስቴቱን ባዶ አድርጎ ራሱ ገብቶ ራሱ ይውጣ። ያንን ፋይል ጊትኢግኖር (ወደ ጊት የማይገቡ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት።

ለማረጋገጥ «ሪፒት-ኢች» (እያንዳንዱን ቴስት ደጋግም) 20 ብላችሁ በ4 ወርከር አስኪዱ። ሃያውንም ያላለፈ ቴስት ወደ ዋናው ብራንች አይግባ።

ሰፊው_መረብ

ስለ ቴሌብርና ስለ ኤስኤምኤሱ ማንም አላነሳውም። «ፔጅ-ራውት» የሚያግተው ከብራውዘሩ የሚወጣውን ጥያቄ ብቻ ነው። የእናንተ ጃንጎ በቀጥታ ወደ ክፍያው ሰርቨር የሚልከውን አያየውም። ስለዚህ የክፍያውን አድራሻ ከኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል አንብቡት፣ በቴስት ጊዜ ደግሞ ወደ ትንሽ አስመሳይ ሰርቨር ይጠቁም። አስመሳዩ አራት ነገር ማድረግ ይችል፦ ክፍያ ተሳክቷል፣ አልተሳካም፣ ማሳወቂያው ከአንድ ደቂቃ በኋላ መጣ፣ ያው ማሳወቂያ ሁለቴ መጣ። የመጨረሻው ላይ ጊዜ ስጡት። ማሳወቂያ ሁለቴ መምጣቱ የተለመደ ነው፣ ደረሰኝ ሁለቴ መቆረጡ ግን የእናንተ ስህተት ነው። እውነተኛው የሙከራ ሲስተም ላይ በሳምንት አንዴ በእጅ መሞከሩ ይበቃል፤ በእያንዳንዱ ኮሚት ከእሱ ጋር ብትያያዙ የእነሱ ጥገና የእናንተን ሥራ ያስቆማል።

ለመግቢያ ኮዱ፦ በቴስት ሴቲንግ ኤስኤምኤስ ላኪውን መልእክቱን ቴብል ውስጥ በሚጽፍ ተኩት፣ ቴስቱ ኮዱን ከዚያ ያንብብ። «000000 ሁልጊዜ ይሠራል» የሚል አቋራጭ ኮዱ ውስጥ አታስገቡ፤ የታካሚ መረጃ ያለበት ሲስተም ነው፣ ያ መስመር አንድ ቀን ፕሮዳክሽን ላይ ይገኛል። እግረ መንገዳችሁን የመልእክቱን ርዝመት በዩኒት ቴስት ቆልፉት፦ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ የላቲኑ 160 ነው። 71ኛዋ ፊደል ሁለተኛ መልእክት ታስከፍላለች።