ክፍል ስገባ የድሮ መምህሬን እሆናለሁ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የእንግሊዝኛ መምህርነት ሠልጣኝ ነኝ፤ አሁን ፕራክቲከም (ትምህርት ቤት ገብቶ የማስተማር ልምምድ) ላይ ነኝ። ዕቅዴ ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እርስ በርስ ማነጋገር ነው። ጠመኔ ስይዝ ግን የ9ኛ ክፍል መምህሬን እሆናለሁ። ሰዋስው ሰሌዳው ላይ እሞላና "ገልብጡ!" እላለሁ። ድምፄ ሳይቀር የእሱ ነው።

ተማሪ ሆነን ለዓመታት ያየነው መምህር ውስጣችን እንደሚቀር አሜሪካዊው የሶሺዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ጽፏል። ይህን ማወቄ ግን አልፈወሰኝም። ማታ ጣና ዳር ብቻዬን ስለማመድ እንግሊዝኛዬ ይፈስሳል፤ ክፍል ውስጥ ይጠፋል። ትናንት አንዱ "ቲቸር" ሲለኝ ዞር ብዬ ሌላ ሰው ፈለግኩ (አትሳቁ)። ከክፍል በኋላ የምጽፈው ማስታወሻም ራሴን መውቀሻ ብቻ ሆነ።

ነባር መምህራን፣ የራሳችሁን መንገድ ያገኛችሁት እንዴት ነው? መጀመሪያ የቀየራችሁት ምኑን ነበር? ሰኞ ክፍል አለኝ።