የኮክፒት ወንበር፣ ምንጣፍና ቀበቶ፦ የቱን ልግዛ፣ የቱን ላሰፋ?

መጀመሪያ አውሮፕላኔ ውስጥ ያስገባሁት ወንበር፣ ምንጣፍና የጎን ልብስ አንድ ላይ ሲመዘን 14 ኪሎ ሆነ። አሁን ያለው 8 ኪሎ ተኩል ነው። ልዩነቱ ወደ 7 ሊትር ተኩል የአውሮፕላን ቤንዚን ማለት ነው። ሁለት ሰው ብቻ በምትጭን፣ በገዛ እጅ በተገጠመች አውሮፕላን ይህ ቀልድ አይደለም። እኔ ሁለቴ ከፍያለሁ፤ እናንተ አንዴ ብቻ እንድትከፍሉ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፦ የተዘጋጀ መግዛት፣ የመኪና ወንበር ለሚያለብስ ባለሙያ መስጠት፣ ወይም ራስ መሥራት።

የምትገጥሙት የቫንስ አር ቪ (ክፍሎቹ ተዘጋጅተው የሚሸጡ፣ ገዢው ራሱ የሚገጥመው አውሮፕላን) ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ክላሲክ ኤሮ ዲዛይንስና ፍላይትላይን ኢንቲሪየርስ ለእነዚህ ሞዴሎች በልካቸው የተቆረጠ ልብስ ይሠራሉ። ሜትር ይዞ መንበርከክ የለም። ኦሪገን ኤሮ ደግሞ የሚታወቀው በስፖንጁ ነው፤ ረጅም ሰዓት ለሚበር ወይም ወገቡን ለሚያመው ሰው መጀመሪያ የምጠቁመው እሱን ነው። አውሮፕላናችሁን ከወረቀት ንድፍ ተነስታችሁ ከሠራችሁት ግን በልካችሁ የተሰፋ ዝግጁ ዕቃ አትጠብቁ። የእኔም እንደዚያ ነበር።

ስለዚህ ወንበሩን ይዤ የመኪና ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። እጁ ወርቅ ነው፤ ስፌቱ እንደ መስመር ቀጥ ያለ። ችግሩ የሠራልኝ የመኪና ወንበር መሆኑ ነው። መቀመጫው ፊት ለፊት፣ ጭን የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ወፍራም ጠርዝ አደረገበት። ገጥሜ ተቀመጥኩና ስቲኩን፣ ማለትም አውሮፕላኗን የምመራበትን ዘንግ፣ ወደ ሆዴ ሳብኩት። አራት ጣት ያህል ሲቀረው ስፖንጁ ላይ ቆመ። መሬት ልነካ ስል አፍንጫዋን ቀና ለማድረግ የምፈልገው ያቺን አራት ጣት ነው! ደግነቱ ይህን ያየሁት ቆማ ሳለች ነው። ስለዚህ ማንም ይሥራላችሁ ማን፣ ወንበሩ ከገባ በኋላ ቀበቶ አስራችሁ፣ የክረምት ጃኬት ለብሳችሁ፣ ስቲኩን በአራቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ውሰዱት። የተሳፋሪውን ወንበርም ጭኑ ወፈር ያለ ጓደኛ አስቀምጣችሁ ሞክሩት።

አሁን የምመክረው ድብልቁን ነው። ስፖንጁን ራሳችሁ ቆርጣችሁ ቅረጹ፣ ባለሙያው ልብሱን ብቻ ይስፋ።

ስፖንጅ ላይ አትቆጥቡ። የሶፋ ስፖንጅ መጀመሪያ ይመቻል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የተቀመጣችሁት ላሜራው ላይ ነው። ከምቾቱ ሌላ የባሰ ነገር አለ። አውሮፕላኗ በኃይል መሬት ስትመታ፣ ለስላሳ ስፖንጅ ወዲያው ይታመቅና ሰውነት ከታች ያለውን ወለል በፍጥነት ይመታል። አከርካሪ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ቀስ ብሎ የሚታመቀው፣ ኮንፎር የሚባለው ስፖንጅ የተሻለ ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1966 ለናሳ ከተሠራው ስፖንጅ የሚመዘዝ ሲሆን ጥንካሬው በቀለም ይለያል፦ ሮዝ ለስላሳ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ አረንጓዴ ጠንካራ። እኔ አረንጓዴውን ከታች፣ ሰማያዊውን መሃል፣ ስስ ሮዝ ከላይ ደራርቤአለሁ። አንድ ጠባይ አለው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ እንጨት ይደርቃል። በብርድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ታገሱት፣ የሰውነት ሙቀት ያለሰልሰዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ በጭንቅላታችሁና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ሄድሴቱን አድርጋችሁ ማለቴ ነው።

ልብሱን በተመለከተ ቆዳ ያምራል፣ ይከብዳልም። ጥቁር ቆዳ በመስታወት ጣሪያ ስር ፀሐይ ሲውልበት ምን እንደሚሆን ቁምጣ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ጠይቁ። እንደ አልትራሌዘር ያለው ሰው ሠራሽ ቀለል ይላል፣ በእርጥብ ጨርቅም ይጸዳል። የእኔ ምርጫ መሃሉ የሱፍ ጨርቅ፣ ጠርዙ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ አቃጥላችሁ እዩት። የአሜሪካ የትናንሽ አውሮፕላኖች ደንብ እስከ እ.ኤ.አ. 2017 በዝርዝር ያዛቸው ከነበሩት ፈተናዎች አንዱ፣ ቁራጩን አቁሞ ከስር ለ12 ሰከንድ እሳት መስጠት ነበር። የተሰጠው እሳት ሲወሰድ ቁራጩ በ15 ሰከንድ ውስጥ መጥፋት ነበረበት፤ የተቃጠለውም ከ20 ሴንቲ ሜትር ብዙም መብለጥ አልነበረበትም። በቤት የተሠራን አውሮፕላን ይህ ደንብ አያስገድደውም፤ ጭሱ ግን ያንን አይጠይቅም። ደጅ ወጥታችሁ፣ ባልዲ ውሃ አስቀምጣችሁ፣ ልብሱን፣ ስፖንጁንና ማስቲሹን አንድ ላይ አጣብቃችሁ በላይተር ሞክሩ። ለየብቻ ያለፉት ሲጣበቁ ሊወድቁ ይችላሉ። «እሳት የማይዘው» ተብሎ በጨው ውህድ የተነከረ ጨርቅ ደግሞ ሲታጠብ መድኃኒቱ አብሮ ይሄዳል።

ምንጣፍ ላይ ብዙ አልልም። ሱፍ ይሁን፣ ስስ ይሁን፣ በቬልክሮ ይያዝ። በማስቲሽ የለጠፈ ሰው በየዓመቱ ምርመራ የወለሉን ክዳን ሊከፍት ሲል ራሱን ይረግማል። ምንጣፍ እርጥበት ስለሚይዝም አሉሚኒየሙ ከስር ሳይታይ ይበላል።

ድምፅ ያፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ከባድ ተለጣፊ ንጣፍ ተውት። በዚያ ገንዘብ ጩኸት የሚቀንስ ጥሩ ሄድሴት ግዙ። በተለይ ሞተሩን ከእናንተ የሚለየው ግድግዳ ላይ ስፖንጅ እንዳትለጥፉ። ከወዲያ እሳት ከተነሳ ግድግዳው ይግላል፣ ከወዲህ ያለው ፖሊዩረቴን ስፖንጅ ደግሞ ሳያናይድ ያለበት ጭስ እግራችሁ ስር ይለቃል።

ቀበቶ አይሰፋም፣ ይገዛል። የሁከር ሃርነስም የሽሮትም ጥሩ ናቸው። ከናይለን ይልቅ ፖሊስተሩን ምረጡ፤ ሲጎተት ብዙ አይለጠጥም፣ ፀሐይንም ይበልጥ ይችላል። ቦታ ካላችሁ አምስት ነጥቡን፣ ማለትም በአምስት ቦታ የሚታሰረውን፣ ውሰዱ። በእግር መሃል የሚያልፈው ማሰሪያ የወገቡ ቀበቶ ወደ ሆድ እንዳይወጣ ይይዘዋል።

ከዳሽቦርዱ በላይ ያለው ክፍል ጥቁር፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። እኔ ግራጫ አድርጌው ፀሐይ ፊት ለፊት በመጣች ቁጥር መስታወቱ ላይ ወንዝ የሚመስል ነጸብራቅ ሳይ ከረምኩ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ እንደገና ሚዛን ላይ አውጧት፣ የክብደት ወረቀቱንም አስተካክሉ። ኮምፓሱንም ፈትሹ። ባለሙያው የጎን ኪሴን አሳምሮ በማግኔት እንዲዘጋ አድርጎልኝ ነበር። ካርታዬን ከትቼ ጠቅ ሳደርገው ኮምፓሱ ወደ ኪሱ ዞር አለ። አሁን የሚዘጋው በዚፕ ነው።